ከላም እግር ሥር የምትሮጠው ቢጫ ወፍ፦ ሌንስ ከመግዛትህ በፊት አንብበው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ይህንኑ ጠይቄ «ጎግል አታደርግም?» ተብዬ ነበር። ያልከው ይህ ነው፦ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ከላሞች መሀል እየሮጠች ጅራቷን ከላይ ወደ ታች የምታወዛውዝ ቢጫ ወፍ አለች፤ ፎቶዋ ሁልጊዜ ይደበዝዝብሃል፤ የአንዷ ራስ ግራጫ፣ የሌላዋ ጥቁር ሆኖብሃል፤ ጎረቤትህ «የመስቀል ወፍ ናት» ብሎሃል፤ አሁን ትልቅ ሌንስ ልትገዛ ነው። በተራ በተራ ልሞክር። ከድሬ (ድሬዳዋ) የምትነሣ፣ ከሳምንቱ ቅዳሜን ብቻ የምታርፍ፣ እጅህ ላይም ያው 70-300 ሚ.ሜ. ማቅረቢያ ሌንስ ያለህ ሰው ነህ ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

1. የመስቀል ወፍ አይደለችም። ግን ጎረቤትህን አትፍረድበት፣ የምትመጣው በመስከረም ነው። እኛ የመስቀል ወፍ የምንላቸው እዚሁ የሚኖሩ ናቸው፤ በክረምት እንቁላል የሚጥሉ፣ ለዚያም ብለው ደማቅ ላባ የሚለብሱ። ይቺኛዋ እንግዳ ናት። ፈረንጆቹ የሎ ዋግቴል ይሏታል፣ የሳይንስ ስሟ ሞታሲላ ፍላቫ ነው። እንቁላል የምትጥለው አውሮፓና እስያ ነው፤ እዚያ ሲበርድና ትንኙ ሲያልቅ ወደኛ ትወርዳለች። ስትደርስ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ነው የምትመስለው፤ ቢጫነቷ ገርጥቷል፣ ራሷ ቡናማም ግራጫም አይደለም። ዋናውን ልብሷን የምትቀይረው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ እዚሁ እኛ ጋ ቁጭ ብላ ነው። ሌሎቹ ለመስቀል ሲለብሱ እሷ ለፋሲካ ትለብሳለች ብለህ ያዘው። ለብሳ ስታበቃ ደግሞ ስብ አጠራቅማ ውልቅ ትላለች። ሙሽራነቷን ለሌላ አገር ነው የምትወስደው። ዘፈኗንም እንደዚሁ፤ እዚህ የምትሰማው በአብዛኛው ስትነሣ የምታሰማውን ቀጭን «ፅዊፕ» ነው።

2. ጥቁር ራስና ግራጫ ራስ ሁለት ወፍ አይደለም። ዝርያው አንድ ነው፣ የመጡበት አገር ነው የሚለያየው፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየውም በወንዶቹ ራስ ላይ ነው። ራሱ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ሆኖ ነጭ ቅንድብ ካለው የመካከለኛው አውሮፓ ሰው ነው (ሰው አልኩ፣ ይቅርታ)። ራሱ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ቅንድብ የሌለው ከሆነ የስካንዲኔቪያና የሰሜን ሩሲያ። ጥቁር እንደ ከሰል፣ ቅንድብ የሚባል የሌለው ከሆነ የባልካንና የቱርክ ወገን። ራሱም ጭምር ቢጫ የሆነ ካጋጠመህ ከቮልጋ ወንዝና ከካዛክስታን በኩል የመጣ ነው። ግዛታቸው በሚገናኝበት ቦታ ስለሚዳቀሉ አንዳንዱን የትኛው ነው ብለህ ራስህን አታድክም። ሴቶቹን ደግሞ ጭራሽ አትሞክር፤ እኔ ስድስት ወር አጥፍቼበታለሁ።

የሚገርመው፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ አብረው ከርመው የሚሄዱት በየተራ ነው። የደቡቦቹ፣ ጥቁር ራሶቹ፣ አገራቸው ቶሎ ስለሚሞቅ ቀድመው ይለብሳሉ፣ ቀድመው ይሄዳሉ። የሰሜኖቹ በረዶው እስኪቀልጥ እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል በሆነበት በምድር ወገብ ላይ የከረሙት እንኳ ቀናቸውን አይስቱም። 17 ግራም ገደማ የምትመዝን ፍጥረት ናት፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ጅራቷ በጣም የረዘመ፣ ጀርባዋ ግራጫ የሆነ፣ ድንጋይ ላይ ውኃ በሚወርድበት ቦታ ብቻዋን የምታገኛት ሌላ ወፍ አለች። እሷ ከሥር ቢጫ ስለሆነች ታሳስታለች። ሜዳ ላይ ከከብት ጋር ካየሃት ግን የኛዋ ናት።

3. ሌንስ አትግዛ። አቦ፣ በእውነት ነው የምልህ። እኔ ገንዘብ አጠራቅሜ ከድሬ አንድ ሱቅ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ኮንቨርተር ገዛሁ። ከ70-300 ጋር ስገጥመው የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ወረደ፣ ካሜራው ፎከስ ማድረግ አቆመ። በማግስቱ ልመልስ ብሄድ ባለሱቁ «ዕቃው አልተበላሸም፣ አንተ ነህ ያልቻልክበት» አለኝ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ። አንተን የሚያደበዝዝብህ ሌንሱ አይደለም። ሻተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/1600 ሰከንድ ላይ አድርገው፣ ጅራቷ አንዴም አያርፍም። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ቢል አትፍራ። ደረቷ ቢጫ ብቻ ሆኖ ላባው የሚጠፋብህ ብርሃኑ ስለሚበዛ ነው፣ ኤክስፖዠሩን ወደ ታች 0.7 አውርደው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ካሜራህን አጥፍተህ ፈጢራህን ብላ፤ ከጭቃው የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው የሚሊዮን ብር ሌንስም አያድንህም። ስለዚህ ከድሬ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘህ የደንገጎን ዳገት በጨለማ መውጣት አለብህ፣ ወይ ዓርብ ማታ ሐረር ማደር።

4. ወፏን አትከተል። ይህንን ያስተማረኝ ከብት ጠባቂ ልጅ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳባርራት፣ ስትነሣ፣ ሃያ ሜትር ርቃ ስታርፍ፣ እንደገና ሳባርራት፣ አንድ ጠዋት ሙሉ ሲስቅብኝ ቆይቶ መጣና «ወዲያ አትሂድ፣ እኔ ወዲህ ነው የምነዳቸው» አለኝ። የላም ኮቴ ከሣሩ የሚያስነሣውን ትንኝና ዝንብ ነው የምትለቅመው፣ ላሞቹ በሄዱበት ትሄዳለች። ከመንጋው ፊት ለፊት ሃምሳ ሜትር ቀድሜ የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍኩና በደረቴ ተኛሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አንዷ ቀይ ላም አፍንጫዋን ወደኔ አድርጋ ስትተነፍስ ከፊት እግሮቿ መሀል ወፏ ወጣች፤ ከኔ አንድ ሜትር ላይ ቆማ ዝንብ ዋጠች፣ ዓይኗ ውስጥ ሰማዩ ይታየኝ ነበር። ሌንሴ በዚያ ርቀት ፎከስ ማድረግ እስኪችል ድረስ ወደ ኋላ መንፏቀቅ ነበረብኝ!

5. ቦታው በየዓመቱ ይለያያል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ የሐረር ቧንቧ ውኃ ያጣበትን ዘመን ታስታውስ ይሆናል። አሁን ተመልሷል፣ ግን ዳርቻው አይጨበጥም፤ በጋው እየገፋ በሄደ ቁጥር፣ ፓምፑም ለጫቱና ለድንቹ እየሳበ በሄደ ቁጥር ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወፎቹም ይከተሉታል። ከብት ጠባቂዎቹን ጠይቅ። ማታ ማታ ተሰብስበው የሚያድሩበት ፊላ ውስጥ ግን ባትሪ ይዘህ አትግባ፤ እኔ አንዴ ገብቼ ሁሉንም አስነሥቻለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

6. ምንም ፎቶ አታጥፋ። ይህችን ቁጥር መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብኝ፣ የጻፍኩልህም ለሷ ብዬ ነው።

ዓምና በጥቅምት ከወፎቹ አንዷን ለየኋት። የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች የሉም፣ ክር ቆርጧት ይሁን ምን እንጃ። ስትራመድ ትንሽ ታነክሳለች። ገርጣ ያለች፣ ዓይን የማትገባ ስለነበረች ሴት ናት ብዬ ዘሃራ አልኳት። ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር እዚያው አካባቢ አገኛታለሁ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ አነሣኋት። ቆንጆ ፎቶ አልነበረም፣ አንድ ደብዛዛ ወፍ ጭቃ ላይ። ጥር ላይ ከሐረር ወደ ድሬ ስመለስ፣ ሚኒባሱ አወዳይ ላይ ጫት እስኪጫን ቆሞ፣ ካርዱ መሙላቱን አየሁ። ያለኝ አንድ ባለ 16 ጊጋ ካርድ ብቻ ነው። «ምን ያደርግልኛል» ብዬ የሦስቱን ወር ፎቶ አንድ በአንድ አጠፋሁ። እዚያች ወንበር ላይ፣ እግሬ ሥር የጫት ጥቅል ተደርጎብኝ፣ በአውራ ጣቴ።

በየካቲት ሁለተኛው ቅዳሜ ዘሃራ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣች። በሳምንቱ ግማሽ ራሷ ጠቆረ። የካቲት ሲያልቅ ከማጅራቷ እስከ ምንቃሯ ከሰል፣ ደረቷ ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል። ዘሃራ ወንድ ሆና አረፈች! ያውም ጥቁር ራስ፣ ባለፈው ክረምት የተፈለፈለ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ወፍ፣ ከገረጣ ጨርቅ እስከ ሙሽራ፣ በጎደለ ጣቱ የሚታወቅ፣ አምስት ወር። ከፊሉ በእጄ ነበር፣ አወዳይ ላይ ጥዬው መጣሁ። ካርዱን ይዤ ድሬ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሮጥኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አየና «ባጠፋኸው ቀን አውጥተህ ብታስቀምጠው ኖሮ አብዛኛውን እመልስልህ ነበር፣ አንተ ግን ላዩ ላይ ደጋግመህ አንሥተሃል» አለኝ። ለካ የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው የሚቆየው። እና ድንገት ካጠፋህ ካርዱን ወዲያው አውጣ፣ አንድም ፎቶ አትጨምርበት። ሁለተኛ ካርድ ግዛ፣ ለኮንቨርተሩ ያወጣሁት አምስት ካርድ ይገዛ ነበር።

ቢያንስ መሄጃውን ልያዝ ብዬ በመጋቢት ሄድኩ፣ እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ወፏ ፓምፕ ካለበት ቤት አጠገብ ነበረች፣ እኔም ተኝቼ ሌንሴን ወደዚያ አዞርኩ። ዘበኛው መጣ፣ ካሜራው ተወሰደ፣ እኔ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተላክሁ። ኃላፊው ቀና ብሎም አላየኝም።

«የምን ፎቶ ነው?»

«የወፍ።»

«ለየትኛው ድርጅት?»

«ለራሴ ነው።»

«ለራስህ ከሆነ ደብዳቤህ የታለ?»

ለራሴ ማን ደብዳቤ ይጻፍልኝ? ቀበሌዬ ሄድኩ፣ «ስለ ወፍ ጽፈን አናውቅም» አሉ። በመጨረሻ ነዋሪ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት አጽፌ ተመለስኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና፤ ነገ ስሄድ መስክ ወጥተዋል። ዘጠኝ ቀን። ካሜራዬን በፌስታል አስረው ሲሰጡኝ ባትሪው እንኳ አልወጣም ነበር። ዘበኛውን ግን አልቀየመውም፣ ሥራውን ነው የሠራው፤ በኋላ ሆጃ አብረን ጠጥተናል። አንተ ስትሄድ መጀመሪያ ወደሱ ሂድ፣ ሰላም በል፣ ስክሪኑ ላይ ወፏን አሳየው፣ ፓምፑንና የመብራት ምሰሶውን ጀርባ ስጠው። ይህንን ብቻ ባደርግ ኖሮ ዘጠኙን ቀን አላጣም ነበር።

በአሥረኛው ቀን ስደርስ ግራጫ ራሶቹ ከላሞቹ ጋር ነበሩ፣ ጥቁር ራስ አንድም የለም።

ዘንድሮ እስካሁን አላየሁትም፣ ግን ያው ቅዳሜ ብቻ ነው የምሄደው። አንተ በለጠፍከው የጥቁር ራስ ፎቶ ላይ የግራ እግሩ በሣር ተሸፍኗል። ሌላ ካለህ እባክህ ለጥፍልኝ፣ ወይ ስትሄድ እግሩን እይልኝ። ወንድ ነው፣ ስሙ ግን ዘሃራ ነው።