ስለ ክልል ቴሌቪዥን የባህል ዶክመንተሪ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በክልል ቴሌቪዥን የባህል ፕሮግራም ስሠራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። መጀመሪያ ካሜራ ተሸክሜ፣ በኋላ ፕሮዲዩሰር ሆኜ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይቅር። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሁሉም ዶክመንተሪ በድሮን ተጀምሮ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ "ዕምቅ ባህላችን" የሚተርክልን? ሰለቸን እኮ።

እኛንም ሰልችቶናል። ስንፍና ብቻ ግን አይደለም። ቡድኑ አንድ ቦታ የሚቆየው አበሉ እስኪያልቅ ነው። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል። አንድ ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን አቡክታ፣ ቅርፅ አውጥታ፣ አድርቃ እስክትተኩስ የሚጠብቅ በጀት የለም። ስለዚህ የተገኘው ተራራ ይቀረጻል፣ የጎደለውን ጸሐፊው ቢሮ ተቀምጦ በቅጽል ይሞላዋል። ትረካ ሲበዛ ካያችሁ ምስል አንሷል ማለት ነው። ድሮን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባሰበት፤ ከላይ ሲታይ የማያምር አገር የለማ።

ጥያቄ፦ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊው መናገሩስ ግዴታ ነው?

እንዲህ የሚል ደንብ አላየሁም። ግን መኪና የሰጠህ እሱ፣ ለቀበሌ ሊቀመንበሩ የደወለልህ እሱ፣ ምሳ የጋበዘህ እሱ። "እርስዎን አንፈልግም" ትለዋለህ? እኔ እቀርጸውና ኤዲቲንግ ላይ አሳጥረዋለሁ። ስሙና ማዕረጉ ከታች በትክክል ከተጻፈ ቅር የሚለው ብዙ የለም።

ጥያቄ፦ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል በቲቪ አያለሁ፣ በየዓመቱ ያው ነው። አንተ ብትሆን እንዴት ትሠራው ነበር?

ከጥር 23 አልጀምርም ነበር። ያን ቀን ያለው መድረክ ነው፤ ንግግር አለ፣ ባነር አለ፣ የክብር እንግዳ አለ። ፈረሰኛውም ለካሜራ ነው የሚጋልበው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ግን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማስታወስ ተብሎ የተመሠረተ። ይህን ያህል ዘመን ያቆየው የአንድ ቀን ትርኢት አይደለም። አባላቱ ለቅሶ ላይ በፈረስ ይወጣሉ፣ ሠርግ ያጅባሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

እኔ ብሆን አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሄጄ አንድ ፈረሰኛ ብቻ እመርጣለሁ። ፈረሱን ምን ያበላዋል? ገብሱስ ከየት ይመጣል? የአንድ ዓመት ወጪው ስንት ነው? ሚስቱ ስለዚህ ወጪ ምን ትላለች? (እሷን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም፣ የፕሮግራሙ ምርጥ ንግግር ግን ከእሷ አፍ እንደሚወጣ እወራረዳለሁ።) ቀጥዬ ኮርቻና ልጓም የሚሠራው ሰው ዘንድ እሄዳለሁ። ልጁ ሙያውን ይፈልገዋል ወይስ ባጃጅ መግዛት ነው ሐሳቡ? ለቅሶ ካጋጠመ ከቤተሰቡ ፈቃድ አግኝቼ ከሩቅ እቀርጻለሁ። ጥር 23 መጨረሻ ላይ ትመጣለች፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ካሜራው ከዚያው ሰው ሳይነቀል። ያኔ ተመልካቹ ከዚያ ሁሉ ፈረስ መሃል ያንን ፈረስ ብቻ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ለምን ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በአማርኛ ትደርቡበታላችሁ? ሰብታይትል አይሻልም?

ለተናጋሪው ክብር ይሻላል። ግን ማን እንደሚያይ አስብ። በብዙ ቤት ቴሌቪዥን የሚደመጥ ነገር ነው፤ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ፣ ቡና እያፈላ ነው የሚከታተለው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም አሉ። ስለዚህ መደረቡን ሙሉ በሙሉ አልኮንንም። እኔ የምከተለው መንገድ ይኼ ነው፦ የንግግሩ መጀመሪያና መጨረሻ በራሱ ድምፅ ይሰማ። ሲስቅ፣ ሲዘፍን፣ ሲያለቅስ፣ ሲፎክር ማንም አይደርብበት።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ከባሕር ዳር የሚሰራጨው አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በአፋን ኦሮሞም ፕሮግራም አለው። ሐዋሳ ያለው የደቡብ ጣቢያም በብዙ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ ኖሯል። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ስክሪፕቱ መጀመሪያ በአማርኛ ተጽፎ ያልቅና ሌላው ቋንቋ ትርጉም ሆኖ ይቀራል። የኽምጥኛ ተናጋሪው ባልደረባችን ስለ ሰቆጣ በራሱ ቋንቋ አስቦ ቢጽፈው፣ እኛ ደግሞ የሱን ወደ አማርኛ ብንመልስ፣ ሌላ ፕሮግራም ነበር የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለል፣ አሸንዳ... የማን ነው? ቁርጡን ንገረን።

ወዳጄ፣ ልታጣላኝ ነው። ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል፣ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሁሉም ጋ ሴቶቹ ይወጣሉ። "የማን ነው" የሚለውን ልጃገረዶቹ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፣ የሚጠይቁት ስብሰባ ላይ የተቀመጡ ወንዶች ናቸው። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ለምትቀርጹት ሰው ትከፍላላችሁ?

ለቃለ መጠይቅ አልከፍልም። ቀኑን ሙሉ ከሥራው ካስቀረሁት ግን የቀን ገቢውን እሸፍናለሁ፣ ይኼ ጉቦ አይደለም። ደቡብ ኦሞ ላይ ቱሪስት በፎቶ ስለሚከፍል ካሜራ ያየ ሁሉ ሒሳብ ይጠይቅሃል። ስግብግብነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ፊቱ እንደሚሸጥ ያስተማረው ሌላ ሰው ነው። ዋናው ነገር ቀድመህ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠህ በግልጽ መነጋገር ነው። ካሜራ ከወጣ በኋላ የሚጀመር ድርድር ያጣላል።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹ ግን እንዴት ይሳካላቸዋል?

ብዙዎቹ መቼ ተሳካላቸው! የከንፈር ሸክላ ቀርጸው ነው የሚሄዱት። ከማደንቃቸው አንዱ የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን ነው። ዳይሬክተሩ ሌስሊ ዉድሄድ፣ ከደቡብ ኦሞዎቹ ሙርሲዎች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ከተማረው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. ጀመሩ፣ በ1980ዎቹ ተመለሱ፣ በ1991ም ስለዚያው ሕዝብ ሠሩ። ግራናዳ ደግሞ የማንቸስተር ጣቢያ ነው፤ የለንደን አይደለም፣ እንደ እኛው የክልል ማለት ነው። ገንዘብ ነበራቸው፣ እውነት ነው። ግን ደግመው መጡ። እኛ ለመመለስ አውሮፕላን እንኳ አያስፈልገንም፤ አንመለስም። የቀረጽነውን ፕሮግራም ለባለቤቶቹ ወስደን የምናሳይ ስንቶቻችን ነን?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ የክልል ጣቢያዎቹን ናይልሳት ላይ አጣኋቸው።

ዲሽህ ወደ ኢትዮሳት መዞር አለበት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ናይልሳት በምዕራብ በኩል ስለሆነ እዚያው ሆነህ ብትፈልግ አታገኝም። የሰፈር ዲሽ ሠራተኛ ጥራ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ በቴሌቪዥን በገና ሲደረድሩ ተቀርጸው ነበር። አሁን በሕይወት የሉም። ቅጂውን ማግኘት ይቻላል?

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያን ጊዜ የነበረው ቴሌቪዥን አንድ ነው፣ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን። ስለዚህ ፍለጋሽ ወደ ክልል አይሄድም። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው፤ ዘመዶችሽን "በቀለም ነበር?" ብለሽ ጠይቂ፣ ዘመኑን ያጠብልሻል። (ቤታችሁ የነበረው ቴሌቪዥን ራሱ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን አይረዳሽም።) በገና ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚያያዝ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን አስቀድሚ። የአባትሽን ሙሉ ስም፣ ግምታዊውን ዓመትና አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፈሽ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደብዳቤ ይዞ ወደ ጣቢያው በአካል ይሂድ። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ፦ ላይኖር ይችላል። እኔ ራሴ በሠራሁበት ቤት ካሴት ሲያጥር በድሮው ላይ ይቀረጽ ነበር። ስንት ሽማግሌ በስብሰባ ዜና ተደመሰሰ።

ጥያቄ፦ አያቴ አሁንም ጥጥ ትፈትላለች። በስልኬ ልቀርጻት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ከድምፅ ጀምሪ። ምስል ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ሰው ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ ግዢ፣ ከሌለሽ ስልኩን አስጠጊ። ሬዲዮውን አጥፊ፤ ዶሮዎቹ ይንጫጩ፣ የቤቱ ድምፅ ናቸው። ብርሃኑ ከበሩ በኩል እንዲመጣላት አድርገሽ አስቀምጫት።

"ስለ ባህላችን ንገሪኝ" ብለሽ እንዳትጀምሪ! እንደዚያ ካልሻት አያትሽ ወዲያው እንደ ቲቪ ማውራት ትጀምራለች። ስለ እጇ ጠይቂያት። "ይኼ ክር ለምን ተበጠሰ? ድርና ማጉን እንዴት ትለዪዋለሽ? መጀመሪያ ማን አስተማረሽ? ይቆጡሽ ነበር?" ከዚያ ዝም በይ። ዝም ስትዪ ነው ዋናውን የምታወራው። እንዝርቷ ስትሽከረከር፣ ጥጡ ሲሳብ፣ ባዘቶው ሲያልቅ ለየብቻ በቅርብ ቅረጪ፣ ኋላ ስትቆርጪ ያድንሻል።

ስትጨርሺ ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከስልክሽ ውጭ ይሁን። ስሟን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፊበት። ዩቲዩብ ላይ ከመጫንሽ በፊት ደግሞ ለራሷ አሳያት፤ "ይኼን አውጪው" ካለችሽ አውጪው።