ራም ልጨምር ወይስ ፋይል ላጥፋ?

መምህር፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። 4 ጊጋ ባይት ራም ያላት ላፕቶፕዎ ፈተና ሲያዘጋጁ እየቆመች እንዳስመረረችዎ፣ ፋይል ቢያጠፉላትም እንዳልተሻላት፣ አሁን ሊሸጧት እንዳሰቡ ጽፈዋል። እባክዎ አይቸኩሉ።

እኔ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እንጀራዬ እንደ እርስዎ ያለች ላፕቶፕ ነበረች። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ወርድ አልከፈት ሲል ያለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፋይል ስሰርዝ ዋልኩ፤ ብዙ ቦታ ተገኘ፤ ላፕቶፗ ግን ያው ናት። ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ ጎተራ ነው፣ የከፈቱት ሥራ የሚዘረጋበት ራም ደግሞ ሌማት፤ ጎተራው ቢጸዳ ሌማቱ አይሰፋም። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተትረፈረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ መልሶ ያስገባል። ዲስኩ የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት ከሆነ ይህ ምልልስ ማሽኗን ያንቃታል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እንደ ወትሮው ሥራዎን ከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚመጣው ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ ስንት በመቶ እንደተያዘ ይዩ። የእኔ 90 አካባቢ ነበር። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ራም ነው። እዚያው ስታርትአፕ በሚለው ውስጥ ሳይጠሩ የሚነሱትን ፕሮግራሞች ያስቁሙ።

ግዢው ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው። ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ስሰካው ላፕቶፗ ጨርሶ አልበራ አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ የእኔዋ የምትቀበለው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ብቻ ነው፤ የገዛሁት ባለ 1.5 ቮልት ነበር። ሁለቱም 204 እግር አላቸው፣ ቅርጻቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩንና ባትሪውን አላቅቀው የነበረውን ራም ይንቀሉና ይዘውት ይሂዱ፤ ጽሑፉን ከአዲሱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ፒሲ3ኤል (የዲዲአር3ኤል ምልክት) የሚል ከሆነ ያቺ "ኤል" እንዳትጎድል። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማራገቢያውን ከአቧራ ያጽዱ፤ የከተማችንን አቧራና ሙቀት ያውቁታል፣ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ትክክለኛውን አግኝቼ 8 ካደረስኳት በኋላ ወርድና ኤክሴልን ከብሮውዘር ጋር ከፍቼ ስሠራ ትውላለች።

ፋይል ማጽዳት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዲስኩ ጢም ካለ ዊንዶውስ መላወሻ ያጣል። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ፎልደር ይፈትሹ፤ የእኔን ዲስክ የሞላው እሱ ነበር። ለጊዜያዊ ፋይሎች ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ ክሊንአፕ ስላለው "ኮምፒውተር አፍጣኝ" የሚባሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ። የተማሪዎችዎን ውጤት ግን ሌላ ቦታ ሳይገለብጡ ምንም አይሰርዙ።

የነቀሉትን ራም ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እዚህ ይለጥፉልኝ፤ የሚገጥመውን አይቼ እነግርዎታለሁ።