ካልተጨነቅኩ አላነብም፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለቤተሰቦቻቸው ጥያቄዎች መልስ

የብሔራዊ ፈተናው ወቅት ሲቃረብ በትምህርት ቤት አማካሪነቴ ደጋግሜ የምጠየቀው ጭንቀት ለጥናት ይጠቅም እንደሆነ ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት እስኪቀረው መጽሐፍ አልነካም። ጭንቀቱ ሲይዘኝ ግን ሌት ተቀን አነባለሁ። ታዲያ ጠቀመኝ ማለት አይደል?

መልስ፦ ከተቀመጥክበት አስነስቶሃል፣ ይህን አልክድም። የሚያነሳህና የሚያስተምርህ ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየቀጡ ነጭና ጥቁር ሣጥን እንዲለዩ አስተማሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ሲታይ ንዝረቱ በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱ ሲደበዝዝ ግን የተሻለው መካከለኛው ንዝረት ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ መማራቸው ዘገየ። ሰው አይጥ ባይሆንም በተማሪዎቼ ላይ የማየው ይህንኑ ይመስላል። ሽምደዳ በጭንቀትም ይገፋል። የፊዚክስ ስሌት ግን ሦስት አራት ነገር በአንዴ በአእምሮ መያዝ ይጠይቃል፤ «ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ የሚሻማው ደግሞ ያንኑ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ጫት ቅሜ ሌሊቱን ባነብስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ያነበብከው የሚረጋው ስትተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት እየሠራሁ ወንድሜን አስተምራለሁ። እንዲበረታ ብዬ በደወልኩ ቁጥር ድካሜን እነግረዋለሁ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽን ቢያውቅ ምንም ክፋት የለውም፤ መደበቅም የለብሽም። «ከወደቅክ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ» ስትዪው ግን የባዮሎጂ ፈተናው ያንቺን ዕድሜ የሚከፍልበት ዕዳ ይሆንበታል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የቀሩት ልጆች ፍርሃት አጥሯቸው አይደለም ያላለፉት። ብዙዎቹ ያጠራቸው መምህር፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ስትደውዪ «ዛሬ የቱ ከበደህ?» በይው። የከበደውን የሚያስረዳው ሰው መፈለግ ካንቺ ድካም ላይ ከሚጨመር ጸጸት ይልቅ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ግዴለሽ ሆኖብኛል። የምጨነቅለት እኔ ነኝ። ትንሽ ባስፈራራውስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ግዴለሽ የሚመስል ልጅ ብዙ ጊዜ የፈራ ልጅ ነው። መጽሐፉን ሲከፍት ያልገባው ሁሉ ይታየዋል፤ ዘግቶ ስልኩን ያነሳል፣ ለጊዜው ቀለል ይለዋል። ያ መቅለል ነው ሽሽቱን የሚያስለምደው። ፍርሃት ሲጨምሩበት ሽሽቱም ይጨምራል። እርስዎ የራስዎን ሥራ ይዘው አጠገቡ ይቀመጡ፤ እሱ ግማሽ ሰዓት አንድ ርዕስ ብቻ ያንብብ።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ሌሊት መጥቶ እንቅልፍ ይነሳኛል።

መልስ፦ ወረቀት ላይ አስፍሪውና መጨረሻው ላይ ሥራ እንዳለው እዪ። «ኬሚስትሪ ምዕራፍ 3 አልገባኝም» የሚለው ሥራ አለው፤ ነገ መምህርሽን ትጠይቂያለሽ። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ግን እስኪነጋ ቢያሽከረክሩት የሚሠራ ነገር አይወጣውም። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብ ከዘጋሽ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ወረቀት አይበቃም። ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ጤና ተቋም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ፈተና ክፍል ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከፈተናው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን የጻፉ ጭንቀታም ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ከማደሪያህ ሳትወጣ ይህን ሞክር፤ የጻፍከውን ግን ይዘህ አትግባ። ክፍል ውስጥ ልብህ ሲመታ «አለቀልኝ» አትበል፤ ሰውነትህ ለሥራ ሲነሳም ልብ እንዲሁ ይመታል። ወረቀቱ ሲደርስህ የምታውቀውን አንድ ጥያቄ ፈልግ፣ ከሃያኛው ገጽም ቢሆን ከእሱ ጀምር።