አንዱ ተዘጋጅቶ፣ ሌላው ሲመቸው፦ የባንድ ልምምድ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ለመዝናናት ያህል የምንጫወትበት ባንድ አለን። የሁላችንም መተዳደሪያ ሌላ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት እንለማመዳለን። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ እኔና ኪቦርዲስቱ ዘፈኖቹን ቤት አጥንተን እንመጣለን። ሊድ ጊታሪስታችን ግን ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) መፈለግ የሚጀምረው ልምምድ ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው። ድራመሩ በወር ሁለቴ ይቀራል። ድምፃዊቷ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ዘፈን ይዛ ትመጣለች። ስድስት ወር ሞላን፤ ከዳር እስከ ዳር የምንጫወተው ዘፈን ግን አራት አይሞላም። ጓደኞቼን ማስቀየም አልፈልግም፤ ትዕግሥቴ ግን እያለቀ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ሲታይ ሁሉም ግድ የለሽነት ይመስላል። ደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፦ ሳይዘጋጁ መምጣት፣ መቅረትና ዘፈን ማብዛት። መፍትሔያቸውም ይለያያል። ከሦስቱም በፊት ግን ባንዱ ከእያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ መነጋገር አለባችሁ።

በሚቀጥለው ልምምድ መሣሪያ ሳታነሡ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ በወር ስንት ቀን ሳልቀር መምጣት እችላለሁ? ቤት ውስጥ በሳምንት ስንት ደቂቃ መለማመድ እችላለሁ? ሰው ፊት መጫወት እፈልጋለሁ? በወር ምን ያህል ማዋጣት እችላለሁ? መጻፉ ከመናገሩ ይቅደም። በቃል ከተጀመረ መጀመሪያ የተናገረው ሰው መልስ የሁሉም መልስ ይሆናል፤ ጊዜ የሌለው ሰውም አፍሮ የማይፈጽመውን ቃል ይገባል።

የጋራውን ሥራ የምትለኩት በአማካዩ ሳይሆን በዝቅተኛው ቁጥር ነው። አንድ ዘፈን አለቀ የሚባለው አምስታችሁም ስትይዙት ነውና፣ አራታችሁ ብትቸኩሉ አምስተኛው እስኪደርስ መጠበቃችሁ አይቀርም። ዝቅተኛው መልስ በሳምንት 30 ደቂቃ ከሆነ፣ በወር ሁለት አዲስ ዘፈን በቂ ዕቅድ ነው። ይህ ያንሳል አይበሉ። ለ45 ደቂቃ ዝግጅት የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 12 ዘፈን ነው፤ ከዜሮ ብትጀምሩ እንኳ በግማሽ ዓመት ትደርሱበታላችሁ።

ወደ ጊታሪስቱ እንምጣ። ሳይዘጋጅ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚዘጋጅ በትክክል አልተነገረውም። «ይህን ዘፈን አጥና» ማለት ሥራ መስጠት አይደለም። የትኛውን ቅጂ? በየትኛው ቶን (የድምፅ ከፍታ)? ስንት ጊዜ እየደገመ? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ አዘጋጁ። የሚሰማው ቅጂ፣ ቶኑ፣ ፍጥነቱ፣ ኮርዶቹና አካሄዱ ይጻፍበት። አካሄዱ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል (ባር ማለት የተወሰኑ ምቶችን የያዘ የዘፈን ክፍልፋይ ነው)፦ «ኤ ማይነር፣ በደቂቃ 96 ምት። መግቢያ 8 ባር፣ ኪቦርድ ብቻ። ስንኝ 16 ባር። አዝማች 8 ባር። ስንኝ፣ አዝማች። የጊታር ሶሎ 16 ባር፣ በስንኙ ኮርድ። አዝማች ሁለቴ፣ በድራሙ ምልክት ማቆም።»

ገጹ ከመበተኑ በፊት ድምፃዊቷ ዘፈኑን በሙሉ፣ ከፍተኛውን ኖታ ጭምር ዘፍና ቶኑን ትወስን። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘለል ነው ብዙ ድካም የሚባክነው። ጊታሪስቱ በኤ ማይነር አጥንቶ መጥቶ «ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ» ሲባል፣ በክፍት ክሮች (በጣት ሳይጫኑ በሚመቱት) የያዘው ሁሉ ይፈርስበታል። ካፖም (ጊታር አንገት ላይ የሚታሰረው መቆንጠጫ) ድምፅ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ቶኑ ወደ ጂ ማይነር ከወረደ፣ ቀላሉ አማራጭ ካፖውን ሦስተኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍልፋይ) ላይ አስሮ በኢ ማይነር አያያዝ እንደገና መማር ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ የደረሰበት ሰው ሦስተኛውን ዘፈን ቤት አያጠናም፤ አይፈረድበትም።

የቤት ሥራውንም አሳንሱለት። ሙሉውን ዘፈን ሳይሆን ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ፦ ወደ አዝማች የሚገባበትን መሸጋገሪያና መጨረሻውን። ባንድ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚያ ነው። በ96 የሚሄደውን ዘፈን በ67 አካባቢ ይጀምረውና ሳይሳሳት ሦስት ጊዜ ሲደግመው አምስት አምስት ምት ይጨምር። በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ከመቀመጥ የበለጠ እጅ ላይ ይቀራል።

ሲነግሩት በሁሉም ፊት፣ ጊታሩን ታቅፎ እንደቆመ አይሁን። በቡድን መልእክትም አይሁን። ለብቻው ያግኙትና ቦታውን ለይተው ይንገሩት፦ «ወንድሜ፣ የሁለተኛውን አዝማች መግቢያ ለሚቀጥለው ይዘኸው ብትመጣ የቀረውን እዚያው እንጨርሰዋለን።» ይህ የሚሠራ ነገር ይሰጠዋል። «አንተ ለባንዱ ግድ የለህም» የሚለው ንግግር ግን የሚሰጠው ቅሬታ ብቻ ነው።

ሁለቱን ሰዓት ደግሞ ከፋፍሉት። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ለዝርጋታና ለመቃኘት ይሁን። ሁሉም በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ)፣ «ኤ» የምትባለውን ኖታ 440 ኸርዝ አድርጎ ይቃኝ፤ ኪቦርዱ ላይ ባለፈው የተነካው ትራንስፖዝ (ቶን መቀየሪያው) ወደ ዜሮ መመለሱም ይታይ። ይህ ተረስቶ አሥር ደቂቃ ሙሉ «ማነው የተሳሳተው?» እየተባለ ሲፈለግ ይውላል። ቀጥሎ 40 ደቂቃ የምታውቋቸውን ተጫወቱ፣ 10 ደቂቃ ዕረፉ፣ 40 ደቂቃ አዲሱን ሥሩ። በአዲሱ ዘፈን ለአንድ ሰው ክፍል ሲባል አራት ሰው ከ5 ደቂቃ በላይ አይቁም። ካልተያዘ ቦታው ምልክት ይደረግበትና የቤት ሥራ ይሁን። በመጨረሻው 15 ደቂቃ ሁለት ዘፈን ሳታቆሙ ተጫወቱና በስልክ ቅዱ። ስልኩ ከአምፕሊፋየሩ ፊትና ከድራሙ ርቆ፣ በሰው ጭንቅላት ከፍታ ይቀመጥ፤ ከቀረበ ድምፁ ይሰነጠቃል። ቅጂው በዚያው ምሽት ለሁሉም ይላክ። ማን ምን ላይ እንደጎደለ ቅጂው ራሱ ይናገራል፤ እርስዎ መናገር አያስፈልግዎትም።

የድራመሩን ነገር የመርሐ ግብር ጉዳይ አድርገው ይያዙት። በወር ሁለቴ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ ሲጠበቅ ሁልጊዜ ቀሪ ነው፤ ሙሉው ባንድ በየ15 ቀኑ እንዲገናኝ ከተወሰነ ግን አንድም ቀን አልቀረም። በመካከሉ ያለውን ሳምንት ሌሎቻችሁ ለድምፅ ቅንብርና ለመሸጋገሪያዎች ተጠቀሙበት። ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን) በስፒከር ልቀቁት፤ በ4/4 (በባር አራት ምት) ለሚሄዱ ዘፈኖች በሁለተኛውና በአራተኛው ምት፣ በ6/8 (በባር ስድስት ምት) ለሚሄዱ በአንደኛውና በአራተኛው ብቻ ይምታ። ያለ ድራም ሲሆን የቤዙ ጊዜ አጠባበቅ ተራቁቶ ይታያል፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። የሚቀር ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቅ። ከሦስት ሰው በታች ከሆናችሁ ልምምዱ ይሰረዝ። ተተኪ ድራመር መያዝ ጥሩ ነው፤ አንድ ገጹ ካለ በአንድ ልምምድ ይገባል። ግን መጀመሪያ የሚያውቀው ነባሩ ድራመር መሆን አለበት። ከጀርባ የመጣ ተተኪ ባንድ ያፈርሳል።

ድምፃዊቷን ግን አታቀዝቅዟት፤ ጉጉቷ ሀብታችሁ ነው። ሁለት ደንብ ይበቃል። አዲስ ዘፈን የሚገባው በእጃችሁ ያለው በሁለት ተከታታይ ልምምድ ሳይቆም ከተጨረሰ በኋላ ነው። ዘፈን ያመጣ ሰው ደግሞ አንድ ገጹን ራሱ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ደንብ ብቻውን የዘፈኑን ብዛት ይቀንሳል፤ የሚመጡትም በእርግጥ የተወደዱት ይሆናሉ።

እርስዎና ኪቦርዲስቱ የሚተርፋችሁን ጉልበት ሌሎቹን በመጎተት አትጨርሱት። ለሁለት ሆናችሁ የተለየ ሥራ ጀምሩ፤ ከፍ ያለ ነገር መሞከር ከፈለጋችሁ ቦታው እዚያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ የመጣና ሁለት ሰዓት ተጫውቶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ምንም አላጠፋም። ጥፋት የሚሆነው ራሱ የጻፈውን ቁጥር ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። በሦስት ወር ወረቀቶቹን እንደገና ተመልከቱ። በዝቅተኛው ቁጥር እንኳ መሄድ ካልተቻለ፣ ያኔ ሌላ ሰው መፈለግ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ከእኛ መካከል አንዱ ሚክሰርና ስፒከር በመዋጮ እንግዛ ይላል። እሱ ከፍ አድርጎ ሊከፍል ፈቃደኛ ነው። ሌሎቻችን እናመነታለን።

መልስ፦ በመዋጮ አትግዙ። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ሚክሰሩ የአንዱ፣ ስፒከሩ የሌላው ይሁን። ባንዱ በጋራ የሚከፍለው የሚያልቀውን ብቻ ነው፦ የልምምድ ቦታ ኪራይ፣ ኬብል፣ ባትሪ። ኪራዩ ለቀረውም ሰው ይከፋፈል፤ አራት ሰው ቢመጣም አምስት ቢመጣም የክፍሉ ኪራይ ያው ነው። የጓደኛችሁ ፈቃደኝነት ከልብ መሆኑን አንጠራጠርም። ቢሆንም ብዙ የከፈለ ሰው ቀስ በቀስ ዘፈን መራጭና ቀን ቆራጭ ይሆናል፤ ትንሽ የከፈለውም ዝም ማለት ይጀምራል። አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ማን ምን ያህል እንዳወጣ ጻፉ፤ በየዓመቱ ከመግዣው ዋጋ ለምሳሌ 20 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድም ተስማሙ። የሚወጣ ሰው በዚያ ስሌት ድርሻውን ከቀሩት ይቀበላል።

ጥያቄ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለ30 ደቂቃ እንድንጫወት ተጋብዘናል። ግማሾቻችን እንሂድ፣ ግማሾቻችን አልደረስንም እንላለን። እንዴት እንወስን?

መልስ፦ ዛሬ ሳታቆሙ የምትጨርሷቸውን ዘፈኖች ቁጠሩ። ለ30 ደቂቃ ሰባት ይበቃል፤ በዘፈን መካከል የሚጠፋው ጊዜም አለ። አምስት ካላችሁ ተቀበሉ፤ ከሦስት በታች ከሆነ እምቢ በሉ፤ በመካከሉ ከሆነ 15 ደቂቃ ብቻ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ዘፈን አይገባም፤ ያልተያዘ ካለ ይወጣል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ልምምዶች ቆማችሁ፣ በዝግጅቱ ቅደም ተከተል፣ ሳታቋርጡ አድርጉ። ከእነዚህ ሁለቱ የቀረ ሰው በዚያ ቀን እንደማይጫወት ግብዣውን ስትቀበሉ ተነጋገሩ፤ በዋዜማው ከተነገረ እንደ ቅጣት ይቆጠራል።