ስድስተኛው መስመር

ልጄ፣ ጥያቄህ አጭር ነው። «ከልብ ሕመም ጋር ነው የተወለድኩት። በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት እቀይራለሁ። ለአዲሱ የስፖርት አስተማሪ ልንገረው ወይስ ልደብቀው?» ፊሽካ በአንገቴ አንጠልጥዬ 31 ዓመት ያስተማርኩ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስለሆንኩ «ንገረው እንጂ!» እንደምልህ ሳትጠብቅ አልቀረህም። እኔም ብዕር ያነሣሁት እንዲሁ ልልህ ነበር። ግን አንዲት ተማሪ አንድ ጊዜ ነግራኝ ነበር። የነገረችኝን ሰምቼ ምን እንዳደረግሁ ትዝ ሲለኝ ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። መልሴ የዘገየብህ ለዚህ ነው።

ወደ ትምህርት ቤታችን ስትመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ሌሎቹ የጫማቸውን ክር ሲያስሩ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። የሐኪሟ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው መስመር ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ከሚባል የልብ ሕመም ጋር እንደተወለደች፣ በሕፃንነቷም ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት ይናገራል። ከዚያ በታች አላነበብኩም። «ልብ» እና «ቀዶ ሕክምና» የሚሉት ሁለት ቃላት አስደነገጡኝ፤ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ የእኔ ጉልበት ነበር የራደው። ወረቀቱን አጥፌ መዝገቤ ውስጥ ከተትኩና የሩጫ ሰዓቴን ከአንገቴ አውልቄ በአንገቷ አጠለቅሁላት። «ከዛሬ ጀምሮ ረዳቴ ነሽ» አልኳት።

ሦስት ዓመት ረዳቴ ሆነች። በዚህ እንዴት እኮራ እንደነበር ብነግርህ ታፍርብኛለህ። ሌላ አስተማሪ ጥግ ላይ ያስቀምጣት ነበር፤ እኔ ሥራ ሰጠኋት፣ ብዬ ለባልደረቦቼ አወራ ነበር። ሥራውንም አሳምራ ሠራችው። ሯጮቹ ሦስተኛውን ዙር ሲጀምሩ ትከሻቸውን አይታ ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ትነግረኛለች፤ ስትሳሳት አላየሁም። እኔ ራሴ ያንን ለማወቅ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ገባሁ። ሜዳው ላይ ብቻዋን ነበረች። ሰዓቱን በእጇ ይዛ የሜዳውን አንዱን ጎን በእርምጃ ትሄዳለች፤ ሌላውን ጎን በቀስታ ዱብ ዱብ ትላለች። ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ትቆምና ሁለት ጣቶቿን አንገቷ ላይ አድርጋ የልብ ምቷን ትቆጥራለች። ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለች። ልጄ፣ ያን ያህል ሥርዓት ያለው ልምምድ የሚሠራ ተማሪ አላጋጠመኝም። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። ፊሽካዬን ነፋሁ። ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁት። ሮጬ ደርሼም፣ በር ላይ መድረስ የጀመሩት ተማሪዎች እየሰሙ፣ «ብትሞቺስ? ማን ሊጠየቅ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ሁለተኛውን ጥያቄ ልብ በል። የመጀመሪያው ለእሷ የተጠየቀ ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን ለማን እንደፈራሁ ያጋልጣል። አንድም ቃል አልመለሰችም። ሰዓቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ በጠዋት አልመጣችም።

ትምህርቷን ጨርሳ ከሄደች ከወራት በኋላ አሮጌ መዝገቦች ሳስወግድ ወረቀቱን አገኘሁት። ስድስት መስመር ነበር። ውድድርና ከባድ ክብደት ማንሳት ይቅርባት፤ በራሷ ፍጥነት እንድትሮጥ፣ ሲደክማት ሳትጠይቅ እንድታርፍ ይፈቀድላት፤ እያለ ይወርዳል። ስድስተኛው መስመር ሥሩ ተሰምሮበታል፦ «እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል።»

ከዚያ ወዲያ ነው ስለ ሕመሙ ማንበብ የጀመርኩት። ፋሎት እ.ኤ.አ. በ1888 ሕመሙን የገለጸ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ቴትራ አራት ማለት ነው፦ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው መንገድ መጥበብ፣ የዋናው ደም ቧንቧ ቀዳዳው ላይ መንተራስ፣ የልቡ ቀኝ ክፍል ጡንቻ መወፈር። ቀዶ ሕክምና ያላገኙ ሕፃናት ሲሮጡ ከንፈራቸው ይጠቁርና ቁጢጥ ይላሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ቁጢጥ ሲሉ የእግራቸው ቧንቧዎች ይታጠፋሉ፣ ግፊቱ ይጨምርና ደሙ በቀዳዳው መሻገሩን ቀንሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1944 ለእነዚህ ሕፃናት አሜሪካ ባለው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐሳቡን ያመጣችው ሔለን ታውሲግ ጆሮዋ በጣም የደከመ ሐኪም ነበረች፤ የሕፃናቱን ልብ በጣቶቿ እየዳሰሰች ታዳምጥ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ ሁለት ደህና ጆሮ ይዤ ፊሽካ እነፋ ነበር።

ከልጅቷ ጋር እንደገና የተገናኘነው ከ12 ዓመት በኋላ መድኃኒት ቤት ተራ ስንጠብቅ ነው። የመሬት ቀያሽ ሆናለች፤ መሣሪያዋን ተሸክማ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ትላለች። ግን ከትምህርት ቤት እንደወጣች ለዘጠኝ ዓመት ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። «ወረቀት የሌለበት ሕይወት አማረኝ» አለችኝ። በሕፃንነቷ ስለተሠራላት ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ስንፍና ነው ብላ ራሷን ትወቅስ ነበር። በመጨረሻ ስትመረመር ወደ ሳንባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ክዳን ሲያፈስ ኖሮ የልቧ ቀኝ ክፍል ሰፍቷል። አዲስ ክዳን ተተካላት። እንዲህ ያለው መፍሰስ በተሠራላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነው፤ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ መቆየቱ ነው ክፋቱ። ስለዚህ ደህና ነኝ በምትልበት ዓመትም ቀጠሮህን አትተው። የሕፃናት ሐኪምህ ሲያሰናብትህ ከወላጆችህ ፋይልህን ተረከብ፤ የሕመምህን ስም ሳትደናቀፍ መናገር ልመድ። ጥርስህንም ጠብቅ፤ ከድድ ወደ ደም የሚገባ ተሕዋስ ልብ ውስጥ ሊያመረቅዝ ይችላል። ስለ መድኃኒትና ስለ ሲጋራ ሌሎች ነግረውሃል፤ እኔ አልደግመውም።

ስለ ወረቀቱ ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ሳቀች። «መምህር፣ እኔ እኮ አንብቤው ነበር። በጠዋት የምመጣው ለዚያ አልነበር?» አለችኝ። «ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?» ስላት፣ «እርስዎ አስተማሪ ነበሩ» አለችና ተራዋ ደርሶ ሄደች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ቀን የተሰለፍኩት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ነው። ያንን መድኃኒት ሰባት ዓመት ኳሶቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ኋላ ደብቄ ውጬዋለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ካወቁ ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል ብዬ። ንገር የሚልህ ሰው ራሱ የደበቀ ነው። መደበቅ ለምን እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደብቅ አልልህም። ሜዳ ላይ ብትወድቅ አጠገብህ ያለው ሰው ለሐኪም የሚናገረው አንድ ቃል ያስፈልገዋል።

የዛሬ ልጆች ሌላ ጣጣ አላችሁ። እጃችሁ ላይ ያሰራችሁት ሰዓት የልባችሁን ምት ይነግራችኋል፤ እናንተም ትንፋሻችሁን ከመስማታችሁ በፊት ቁጥሩን ለጓደኛ ታሳያላችሁ። እሱ 180 ደረሰ፣ እኔም ልድረስ! አሜሪካዊው ሻውን ዋይት ከዚሁ ሕመም ጋር ተወልዶ በበረዶ ሰሌዳ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝቷል ብለህ እንደምትጽፍልኝም አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ደስም ይለኛል። ልቡ ግን የእሱ ልብ ነው። የአንተን ልክ የሚያውቀው በመሮጫ መሣሪያ ላይ አሩጦ የሚመረምርህ ሐኪም ነው። በሌላው ቀን እየሮጥክ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ቀንስ። (እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ልጆችን በቁጥር ስመዝን ኖሬ ይህን ማለቴ ያስቀኛል።)

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ለአስተማሪህ ንገረው፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሰጥተህ አትሂድ። ከሐኪምህ የተከለከለውን ብቻ ሳይሆን የተፈቀደውንም አስጽፍ። ክፍለ ጊዜው ሳይጀምር ብቻውን አግኘውና አጠገቡ ቆመህ ራስህ አንብብለት። የመጀመሪያውን መስመር ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ እጁንም ይዘረጋል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ሊያጥፈው ነው። አትስጠው። መጨረሻው መስመር እስክትደርስ አንብብ።