እጃቸውን አትጎትቱት፣ ሥራም አታስፈቱት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ልብስ ሰፊ አባትሽን ስትሮክ ከመታቸው ሰባት ሳምንት ሆኗል። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ቃልም ይጠፋባቸዋል። ፊዚዮቴራፒ የምትሄዱት በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በቀረው ቀን ቤት ውስጥ ምን እናድርግላቸው፣ በሦስት ወር ያልተመለሰ አካል አይመለስም የሚባለውስ እውነት ነው ወይ ብለሻል።

ሐኪም አይደለሁም። እናቴን ግን ግራ ጎኗን መትቷት ሁለት ዓመት አብሬያት አለሁ። የጥምቀት ማግስት ነበር። ታቦት ሸኝታ ገብታ አድራ፣ ጠዋት ጀበናውን በግራ እጇ ልታነሳ ስትል አመለጣት። ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። እኛም አምነን ተቀመጥን፣ ሆስፒታል የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ያቺ ግማሽ ቀን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

የሦስት ወሩን ነገር ልመልስልሽ። እውነት የሚሆነው ግማሹ ነው። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አይቆምም ግን። እማዬ በአምስተኛው ሳምንት ቆመች። የግራ እጇ ጣቶች ግን በፈቃዷ የተከፈቱት በሰባተኛው ወር ነው። ብዙ ጊዜ እግር ይቀድማል፣ እጅ ይዘገያል፣ ጣት ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነው። ስለዚህ ሰባት ሳምንት ገና ማለዳ ነው፣ ተስፋ የሚቆረጥበት ሰዓት አይደለም።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። እኔና ወንድሜ እማዬን ከአልጋ የምናነሳት ብብቷ ሥር ገብተን ወይም የደከመውን እጇን ስበን ነበር። ትከሻን በቦታው የሚይዘው በዋናነት ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲላላ የክንዱ አጥንት ከጉድጓዱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ፊዚዮዋ አንድ ቀን የእማዬን ትከሻ ገልጣ ጣቷን ከጫፉ ሥር ስታደርገው ጣቷ ስርጉድ አለ። ያንን ክፍተት በዓይኔ አየሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ትከሻዬን አትንኩኝ እያለች ስፖርቱን እምቢ አለች፣ ያ ሁሉ ወርቅ ጊዜ ሄደ። እና አደራሽን፣ የታመመውን እጅ ማንም እንዳይስበው፣ ሊጠይቅ የመጣ ሰውም ቢሆን። ሲቀመጡ ክንዳቸው ትራስ ላይ ይረፍ፣ ወደ ታች አይንጠልጠል። ስታነሽያቸው ወገባቸውን ያዢ። እኛ የእማዬን መቀነት ጠበቅ አድርገን እያሰርን በእሱ ነው የምንይዛት። ለአባትሽ ሰፋ ያለ ቀበቶ ይሆናል። ሲራመዱ በደከመው ጎን በኩል ቁሚ።

አሁን ደግሞ ዋናውን። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ፊዚዮ ብትሄዱ ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ብትሠሩ ነው። ሌላው ሁሉ ቤት ውስጥ ያልፋል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ምን እናደርጋለን? እናት ታማ እንዴት ሹራቧን ራሷ ትልበስ፣ ነውር ነው እንላለን። እህቴ እያጎረሰች፣ አክስቴ እያለበሰች፣ ጎረቤቱ ተጋደሚ አይዞሽ እያለ፣ የግራ እጇ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ፊዚዮዋ ቤት መጥታ ይህን ስታይ፣ ፍቅራችሁ ነው እጇን ያስተኛው አለችን። ቃሉ ከበደኝ፣ ልክ ግን ነበረች። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሳም፣ በዙሪያው ያለው ነው ሥራውን የሚረከበው። የሚረከበውም ያንኑ ነገር ደጋግሞ በመሥራት ነው፣ አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ። ሥራ ያልተሰጠውን እጅ አንጎል እያደር ይረሳዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ለወጥነው። ሹራቧን ራሷ ታጠልቃለች፣ ስትለብስ የታመመውን እጅ አስቀድማ፣ ስታወልቅ ጤነኛውን አስቀድማ። መጀመሪያ ሰሞን ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። እያየሁ ዝም ማለት ያቃጥላል፣ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ነበር የምቆመው። ቡና ሲፈላ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ አንድ በአንድ አንስታ መመለስ የእሷ ሥራ ሆነ። ሁለት ሰበረች፣ ይሰበር።

የጥጡን ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈታይ ናት። እንዝርቱን የሚያሾረው ቀኝ እጇ ነው፣ ባዘቶውን ይዞ ክሩን የሚያቀጥነው ግን ግራው ነው፣ ያ የተመታው። መጀመሪያ ባዘቶውን መዳፏ ላይ አስቀምጠን ጣቶቿን በቀኝ እጇ እየከደነች እንድትይዘው ብቻ አደረግን። ይወድቃል፣ ታነሳለች፣ ይወድቃል። ከሳምንታት በኋላ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል ቆንጠጥ አደረገችው። ክሩ የወጣው በስምንተኛው ወር ነው። ወፍራም ነው፣ እዚህም እዚያም ይጎረብጣል። ያንን ልቃቂት እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የአባትሽም መድኃኒት የሚያውቁት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጨርቅ ዘርግተሽ በቀኝ መዳፋቸው ያስተካክሉት፣ ቁልፍ ከጣሳ ለቅመው ወደ ሌላ ጣሳ ያስገቡ፣ ሜትር ይጠቅልሉ። መቀሱ በኋላ ይደርሳል። ጣታቸው ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግራው እየመራው አብረው ይሥሩ። መስታወት ደግሞ ሞክሩ። በሁለቱ ክንዶች መሐል አቁሙትና የታመመውን ከጀርባው ደብቁት፣ ጤነኛውን እያንቀሳቀሱ መስታወቱን ይመልከቱ። አንጎል ሁለቱም የተንቀሳቀሱ ይመስለዋል። የእማዬ ፊዚዮ በቀን ሩብ ሰዓት አዝዛልን ነበር።

ግራና ቀኝ ግን አንድ አይደለም። እማዬን የመታት ቀኝ አንጎሏን ስለነበር ግራ ያለውን ዓለም ትዘነጋው ነበር። ትሪ ስናቀርብላት የቀኙን ግማሽ በልታ ጠገብኩ ትላለች፣ በግራ ያለው ወጥ ሳይነካ ይቀራል። ጥጋብ መስሎን ነበር። አባትሽን የመታቸው የግራው አንጎል ነው፣ በአብዛኛው ሰው ቋንቋ ያለው እዚያ ነው። ቃል ቢጠፋባቸውም አእምሯቸው አለ፣ ጆሯቸውም ይሰማል፣ አትጩሁባቸው። አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ ጠይቋቸው፣ እስኪመልሱም ጠብቁ። አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። የራሱን ስም መጥራት ያቃተው ሰው በቃሉ ያጠናውን ጸሎት ሊደግም ይችላል። ማታ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ በሉ፣ እስኪ ከአንድ እስከ አሥር አብራችሁ ቁጠሩ።

ለእግራቸው ከምንም በላይ የረዳን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። በርጩማ በጣም ዝቅ ስለሚል አይሆንም፣ ከፍ ያለ የማይነቃነቅ ወንበር ይሁን። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው፣ በሁለቱም እግር እኩል ተጭነው ይነሱ። ቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከቻሉ አሥር አሥር። ዱላ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው። የጎንደርን አቀበትና ቁልቁለት ታውቂዋለሽ፣ ለደረጃውም ለመንገዱም ይህን ያዢ፣ ሽቅብ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ቁልቁል የታመመው። የእግራቸው ጣት መሬት የሚጎትት ከሆነ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል እንዲህ ዓይነቱን ይሠራል፣ ፊዚዮአችሁን ጠይቁት። መጸዳጃችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ እንደ እኛ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቆርጣችሁ ጉድጓዱ ላይ አስቀምጡ። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይኑር።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ። ግፊታቸው ካልተያዘ ሁለተኛ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። እማዬ በጾም ጠዋት ኪኒኗን እየዘለለች ነበር። የንስሐ አባቷ ኪኒኑን ዋጪ ብለው ካዘዟት ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠችም። ፀበልም እንሄዳለን፣ መድኃኒቱን ሳንተው። አስፕሪን ግን ሰው ነገረኝ ብለሽ እንዳትሰጪ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ የደም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ሌላው ፈንድቶ ደም ሲፈስ። ለተዘጋው የሚረዳው ለፈሰሰው ጉዳት ነው፣ የእሳቸው የትኛው እንደሆነ ሲቲ ስካናቸውን ያየው ሐኪም ይነግርሻል። ጨውንና ከጨው ጋር የተቀመመ በርበሬን ቀንሱ። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ትን የሚላቸው ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ። ፊት ቢጣመም፣ ድካሙ ድንገት ቢብስ፣ ከባድ ራስ ምታት ቢመጣ ወይም አንድ ባታቸው አብጦ ቢያማቸው ያንኑ ሰዓት ሂዱ፣ እንደ እኛ ግማሽ ቀን አትቀመጡ።

ያለቅሱብሽ ይሆናል። እማዬ በትንሽ ትልቁ ታለቅስ ነበር፣ ሰው ሲገባም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኛ ደግሞ አይዞሽ ፈጣሪን አመስግኚ እያልን እንገስጻታለን። የበሽታው አካል መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሐኪም ሲያያት መድኃኒት ጀመረች፣ ከወር ከምናምን በኋላ ሳቅ ተመለሰ። ይህንንም አትደብቁት።

እማዬ አሁን ባለ አራት እግሩን ዱላ ትታ በባለ አንድ እግሩ ዱላ ትሄዳለች። ባለ አራቱ ከበር ጀርባ ቆሟል፣ ቁመቱ ይስተካከላል፣ ለአባትሽ ይሆናል። በኢንቦክስ ጻፊልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን፣ እማዬም ልታያችሁ ትፈልጋለች፣ መቀነቱን እንዴት እንደምንይዘውም እዚያው አሳይሻለሁ።