መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እዩ

ሰላም ልጆች፣

ሰሞኑን በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዴስክቶፔ ሲነሳ ስታክ ያደርጋል። ፎርማት ላድርገው?» አለኝ።

«የት ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «እኔ እንጃ፣ ብቻ አይከፍትም» አለ።

«በል እንግዲህ ዘግተህ ክፈተውና ቁጭ ብለህ እየው። የት ላይ እንደቆመ ስታውቅ ደውልልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እስኪደውል ድረስ ይህን ለእናንተ ልጻፍ ብዬ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። እኔም ሥራውን ስጀምር ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቴ ፎርማት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማሽኑ ሲነሳ እየቆመ አስቸግሮት አመጣልኝ። ምንም ሳልጠይቅ ዲስኩን አጥፍቼ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩለት። ተነሳ። ተመሰገንኩ። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ተመልሶ መጣ፣ ያንኑ እያደረገ። ጥፋቱ የአንዷ ራም ነበር፣ ማሽኑ የሚሠራበትን ዳታ ለጊዜው የምትይዘው ቀጭን ካርድ። አውጥቼ ሌላ ስተካ ዳነ። የልጆቹ ፎቶ ግን የለም። «ባክአፕ አለህ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። እሱም አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተር የሚነሳው በቅብብሎሽ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቮልቴጁ መስተካከሉን ክፍሎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ያሳውቃል። ከዚያ ባዮሱ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ይነቃና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ ኪቦርዱን ይፈትሻል። የአምራቹ ሎጎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ወደ ዲስኩ ሄዶ ዊንዶውስን ይቀሰቅሳል። ክብ ሠርተው የሚዞሩት ነጠብጣቦች ሲመጡ ዱላውን ዊንዶውስ ተቀብሏል ማለት ነው። ዊንዶውስ ዕቃዎቹን የሚያዝባቸው ፕሮግራሞች፣ ድራይቨሮቹ፣ ይጫናሉ፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፣ የዊንዶውስ መሥሪያ ገጹ፣ ዴስክቶፑ፣ ይመጣል።

እንግዲህ ማሽኑ ሎጎው ላይ ደርቆ ከቀረ፣ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ተራው ያልደረሰውን ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ ምን ይፈይዳል? ነጠብጣቦቹ መዞር ጀምረው ከቆመ ድራይቨር፣ ዲስክ ወይም ራም ጠርጥሩ። የይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ነው። የሚቆምበት ቦታ በየጊዜው ከተቀያየረ፣ ዛሬ ሎጎው ላይ ነገ ዴስክቶፑ ላይ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ ራሙን፣ ቀጥዬ ፓወር ሰፕላዩን ነው የምይዘው።

በእርግጥ መቆሙንም አረጋግጡ። ካፕስ ሎክን ተጫኑ። የኪቦርዱ መብራት ከበራና ከጠፋ ማሽኑ በሕይወት አለ። ካልበራ ግን ሞቷል ለማለት ያ ብቻ አይበቃም። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሥራ ላይ ነው። አፕዴት እየጫነ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አዲስ ማሽን የገጣጠመ ልጅ «ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ስድስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት» ብሎ ጠራኝ። ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከራሙ ጋር ለመግባባት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ልጁ ባጠፋው ቁጥር ማሽኑ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እጁን ይዤ ማስቀመጥ ነው። ተነሳ።

ሎጎው ላይ ለቆመ ማሽን መጀመሪያ ካቻቢቴ አታንሱ። ከኪቦርዱ፣ ከማውሱና ከሞኒተሩ በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ፍላሽ፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ ካርድ ሪደር። ባዮሱ እነዚህን አንድ በአንድ ያነጋግራቸዋል። አንዱ የማይረባ መልስ ከሰጠ እሱን ሲጠብቅ ሊቀር ይችላል። ከኋላ በኩል፣ አቧራ ውስጥ፣ የተረሳች ትንሽ ፍላሽ ስንቱን ሰው «ማዘርቦርድህ ሄዷል» እንዳስባለች አትጠይቁኝ።

ይህ ካልሠራ ኬዙ ይከፈታል። የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ኬዙ ውስጥ ያልተቀባ ብረት ንኩ፣ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቺፕ ሊገድል ይችላል። ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የትኛው ገመድ የት እንደነበር ያስታውሰኛል ያለ ሁሉ አንድ ቀን ያፍራል።

ራም ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ሁለቱንም አውጡና አንዷን ብቻ መልሱ። ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው፣ አንዷ ራም ብቻዋን የምትገባው ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ላይ ነው። ማኑዋሉን እዩት። ስትገፏት ጠቅ ማለት አለባት። ብዙ ልጆች ፈርተው በደንብ አይገፉም። አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ተነስቶ ይቀራል፣ በዓይን ደህና ይመስላል። በአውራ ጣታችሁ ሁለቱንም ጫፍ ዳብሱ። የወርቅ ቀለም ያለው ጥርሷ ከደበዘዘ አንዳንዱ በላጲስ ያሸዋል። እኔ ብናኙን ስለማልወደው በአልኮል የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ነው የምጠቀመው። አብሩት። ከቆመ አጥፉና በሌላኛዋ ሞክሩ።

እዚህ ላይ ደብተር ያስፈልጋል። የምሬን ነው። የእኔ ላይ እንዲህ የሚል ገጽ አለ፦ «ራም 1 ብቻ፣ ተነሳ። ራም 2 ብቻ፣ ተነሳ። ሁለቱም፣ ሎጎ ላይ ቆመ። ቦታ ቀይሬ ራም 1 ብቻ በሌላው ማስገቢያ፣ ቆመ።» አያችሁት? ሁለቱም ራሞች ጤነኛ ናቸው፣ የታመመው ማስገቢያው ነው። ባልጽፈው ኖሮ ከአራተኛው ሙከራ በኋላ የቱ ከየቱ ጋር እንደነበር ይጠፋብኝና ጤነኛ ራም እጥል ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይራችሁ ማሽኑ ቢነሳ፣ ማን እንዳስነሳው አታውቁም።

ማሽኑ እየተነሳ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቆም ከሆነ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ ሜምቴስት86ን፣ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድ ስህተት ቢያሳይ «አንድ ብቻ ነው» አትበሉ። ጤነኛ ራም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ጥግ ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለቡት አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው። ማሽኑ ሲቆም የትኛው በርቶ እንደቀረ እዩ። ትንሿን ስፒከር ከሰካችሁበት ደግሞ ጩኸቱን ቁጠሩ። የጩኸቱ ትርጉም እንደ ባዮሱ ይለያያል፣ የእናንተን ማኑዋል ተመልከቱ።

ሰዓቱና ቀኑ ወደ ድሮ ዘመን እየተመለሰ ካስቸገራችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። 3 ቮልት ናት፣ መቀየሯ ቀላል ነው። እሷን ገመዱ ተነቅሎ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት የባዮሱን ሴቲንግ ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል፣ ለተበላሸ ሴቲንግም መድኃኒት ነው። ግን ሳትጠነቀቁ አታድርጉት። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ማሽኑ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ባለቤቱ ቁልፉ የት እንዳለ ካላወቀ ችግሩን አብዝታችሁለታል። የዲስኩ አሠራር ምርጫም ኤኤችሲአይ ነው ወይስ ሬይድ የሚለውን ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ፣ እሱ ከተቀየረ ደህናው ዊንዶውስ ራሱ አልነሳም ይላል።

ፓወር ሰፕላይ አታላይ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ሁሉ «እሱ ደህና ነው» ይላል። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ማሽኑ እየሠራ በመልቲሜትር ለኩት። ከተቻለ ደህና በሆነ ሌላ ተክቶ ማየት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቅጽበታዊ መውደቅን መልቲሜትር አያሳያችሁም። ሳጥኑን ራሱን ግን እንዳትከፍቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ እነዚሁ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ፈሳሽ ያወጡ ነበር። ያኔ ኬዝ ከፍቼ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነበር። ዛሬም አሮጌ ማሽን ስከፍት ዓይኔ ሳላዘው ወደዚያ ይሄዳል።

ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። «አንዴ ልሞክረው» አይሠራም። እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ዳታ ሊበላ ይችላል። ድምፅ ከሌለው ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ቀይሩ። በሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ከተነበበ ሌላ ነገር ሳታስቡ መጀመሪያ ፋይሉን ቅዱ።

ነጠብጣቦቹ ላይ ለሚቆም ማሽን ሴፍ ሞድ አለ፣ ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሲነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቋረጡ የጥገና ገጹን ራሳቸው ያመጣሉ። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ብላችሁ ሪስታርት አድርጉና 4 ቁጥርን ተጫኑ። በሴፍ ሞድ ሳይቆም ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨርና ወደ ፕሮግራም ይዞራል። በቅርቡ የገባውን አውጡ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት በላከው የተበላሸ አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ አልነሳም አሉ። በረራ ሳይቀር ተሰረዘ። የብዙዎቹ መፍትሔ ሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ያን ቀን ፎርማት ለማድረግ የሮጠ ሰው አስቡት።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ «ሻት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም። የሥርዓቱን ከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። «ሪስታርት» ግን ሁሉን እንደ አዲስ ያነሳል። «ሳጠፋና ሳበራ ይቆማል፣ ሪስታርት ሳደርግ ግን ደህና ነው» የሚላችሁ ሰው ችግሩን ራሱ ነግሯችኋል።

ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው።

«ጋሼ፣ ሎጎው ላይ ነው። ሰዓት ይዤ 10 ደቂቃ ጠበቅሁት።»

«ጎበዝ። ምን ምን ተሰክቷል?»

ሲቆጥር ሰባት ደረሰ። ንቀል አልኩት። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ገመድ ሲንኳኳ፣ ከዚያ ዝምታ።

«ጋሼ! ነጠብጣቦቹ መጡ!»

«የትኛውን ስትነቅል ነው?»

«ሁሉንም ባንዴ ነው የነቀልኩት።»

በል አጥፋና አንድ በአንድ መልሰህ እየሰካህ አብራው፣ በወረቀትም ጻፍ አልኩት። ይህን ስጽፍ ሁለቱን ሰክቶ አልፏል። ሦስተኛው ፕሪንተሩ ነው።